ተማሪው በየሴሚስተሩ አይለምን፦ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን
በአዲስ አበባ ለሚገኙ የመንግሥትና የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አመራሮችና መምህራን

ጉዳዩ፦ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ስለሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። 14 ዓመት ሠርቼባታለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ከግል ኮሌጅም ይመጣሉ። ሃንድአውት ያባዛሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስተይባሉ፣ ያስጠርዛሉ። ከእነርሱ መካከል ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ በዊልቸርና በክራንች የሚንቀሳቀሱ አሉ። የምጽፈው እነርሱ ሲመላለሱ በዓይኔ ያየሁትን ነው። የየትኛውንም ተቋም ስም አላነሳም፤ ችግሩ ከየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚመጣ የአንዱን ስም መጥራት ሌላውን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ማየት የተሳነው የሕግ ተማሪ የጓደኛውን ክንድ ይዞ ገባ። ስልኩን አወጣና «እትዬ፣ እነዚህን ፎቶዎች ወደ ጽሑፍ ሊቀይሩልኝ ይችላሉ? ፈተናዬ ሐሙስ ነው» አለኝ። ፎቶዎቹ 63 ነበሩ። የአንድ ሃንድአውት 63 ገጾች ናቸው፤ የክፍል ጓደኛው በስልክ አንስቶ በቴሌግራም ልኮለታል። በአንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የጓደኛው አውራ ጣት ይታያል። በአንዳንዱ ላይ የስልኩ ጥላ ወድቆ መሐል ያሉትን መስመሮች አጥቁሯቸዋል። የልጁ ስልክ የተተየበ ጽሑፍ ሲያገኝ በድምፅ ያነብለታል፤ ፎቶ ሲያገኝ ግን ምስል መሆኑን ብቻ ነግሮት ያልፋል።

ከእህቴ ልጅ ጋር ሁለት ሌሊት ተቀምጠን ተየብነው። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሲደክመኝ እንቀያየራለን። 37ኛው ገጽ ላይ አንድ የአንቀጽ ቁጥር ደብዝዞ 3 ይሁን 8 መለየት አቃተን። አጉልተን አየነው፣ ስልኩን ወደ መብራቱ አዘንብለን አየነው። ልጁ ጋ ደወልን፤ እሱም ለጓደኛው ደወለ። የጓደኛው ኮፒ ላይም ያው ነው። ለእኔ አንዲት የደበዘዘች ቁጥር ናት፤ ለሕግ ተማሪ ግን 3 እና 8 ሁለት የተለያዩ ሕጎች ናቸው። በጥያቄ ምልክት አልፈናት ረቡዕ ጠዋት ፋይሉን ላክሁለት። የክፍል ጓደኞቹ ሦስት ሳምንት ሲያነቡት የቆዩትን እሱ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ሊያነብበው ተቀመጠ።

ከፈተናው በኋላ ሊያመሰግነኝ ሲመጣ ነው ዋናውን ነገር የሰማሁት። ያ ሃንድአውት መጀመሪያውኑ በኮምፒውተር የተተየበ ነው። መምህሩ ራሱ ተይቦታል፤ ፋይሉ እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ፋይሉ ታተመ፤ የታተመው ኮፒ ሆነ፤ የኮፒው ኮፒ ተባዛ፤ እሱ ደግሞ በስልክ ፎቶ ተነሣ፤ ፎቶው እኔ ዘንድ መጥቶ ከ63 ገጽ እንደገና ተተየበ። መጨረሻ ላይ ልጁ እጅ የገባው መጀመሪያ መምህሩ እጅ የነበረው ነገር ነው፤ ያውም አንድ ቁጥር ጎድሎበት።

«ፋይሉን እንዲልክልህ ለምን አልጠየቅኸውም?» አልሁት። ጠይቆት ነበር። መምህሩ «እሺ፣ እልክልሃለሁ» ብሎ ረሳ። በሳምንቱ ሲያስታውሰው «አሁን ስብሰባ ልገባ ነው» አለው። ሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ልጁ ፈራ። «እትዬ፣ ውጤቴ በእጁ ነው። ጨቅጫቃ መስዬ እንዳልታየው ብዬ ነው» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያች ንግግር ናት።

መምህሩን ክፉ ሰው ነው አልልም። ስንት ክፍል የሚያስተምር፣ ስንት ወረቀት የሚያርም ሰው ነው፤ ይረሳል። አንድ ተማሪ መማሩና አለመማሩ በአንድ ሰው ማስታወስና መርሳት ላይ እንዲንጠለጠል የተተወው ግን በእናንተ ነው። ሕግ 5 ዓመት ይፈጃል። በየሴሚስተሩ አምስት ስድስት መምህር ቢያስተምረው፣ ያ ልጅ እስኪመረቅ ከ50 ጊዜ በላይ አዲስ ሰው ፊት ቀርቦ ስለ ዓይኑ ማስረዳት፣ መለማመጥ፣ ማስታወስ፣ እንደገና ማስታወስ አለበት። ሌላው ተማሪ መስከረም ላይ ደብተር ይገዛል፤ እሱ ደጅ መጥናት ይጀምራል። ደግ መምህር የገጠመው ሴሚስተር ውጤቱ ያምራል፤ ያልገጠመው ሴሚስተር ያሽቆለቁላል፤ በመጨረሻም ውጤቱ የችሎታው ልክ ተደርጎ ይነበባል።

በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች የተየብሁት ስለ ሰብአዊ መብት የተዘጋጀ ሃንድአውት ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ሕጎች ፊደል በፊደል በጣቶቼ አውቃቸዋለሁ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ስምምነቱ በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን በስም ጠርቶ፣ አካል ጉዳተኛው ያለ አድልዎ እንዲማር «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይደረግለታል ይላል። የ2001ዱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ደግሞ ከዚያም ወርዶ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፦ የመማሪያ ክፍል መቀየር፣ አማራጭ የፈተና መንገድ ማዘጋጀት፣ የፈተና ሰዓትና የሥራ ማስረከቢያ ቀን ማራዘም። እሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1152ም ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች አልዘነጋም።

«ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚለው ቃል ከበድ ብሎ ይሰማል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ከሌላው እኩል እንዲማር የሚያስፈልገውን ማስተካከያ፣ ተቋሙን ከአቅሙ በላይ እስካልጫነው ድረስ ማድረግ። ስምምነቱ ይህን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ፋይል በቴሌግራም መላክ የትኛውን ተቋም ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል?

መላኩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን ከማንም በላይ በሥራዬ ስለማውቀው ትንሽ ልቆይበት። አንዲት ማየት የተሳናት ተማሪ ደግ መምህር ገጥሟት የአማርኛ ፋይሉን በወቅቱ አገኘች። ኮምፒውተሯ ግን ማንበብ ሲጀምር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል እየተንተባተበ አወጣ። ፋይሉን እኔ ስከፍተው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቆዩ የፊደል ገበታዎች ከውጭ የግዕዝ ፊደል መልክ ይሳሉ እንጂ ኮምፒውተሩ ከውስጥ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው። ዓይን ያለው መልኩን ያያል፤ የንባብ ፕሮግራሙ ውስጡን ያነብባል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም የማስተምርበት ጽሑፍ ብለው በአሮጌው ገበታ የተጻፈ ፋይል የሚሰጡ መምህራን አሉ፤ ብዙዎቹ ችግሩ መኖሩንም አያውቁትም።

መምህራን ሆይ፣ ማወቂያው ቀላል ነው። ከፋይላችሁ አንድ መስመር ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ደህና ነው። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ በአሮጌው ገበታ የተጻፈ ነውና መቀየር አለበት፤ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ቃል በማውሱ ለመምረጥ ሞክሩ። ቃሉ ካልተመረጠ የያዛችሁት ጽሑፍ የሚመስል ፎቶ ነው። ሁለቱም ሙከራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መጻሕፍትን በተመለከተ «የደራሲው መብት አለበት፣ ስካን አናደርግም» የሚል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እንዳጋጠማቸው የነገሩኝ አሉ። ኢትዮጵያ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2013 የተፈረመውን የማራካሽ ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ የወጣው ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጽሐፍን በሚነበብ መልክ ማዘጋጀት በደራሲ መብት ምክንያት እንዳይታገድ ነው። ቤተ መጻሕፍቶቻችሁ ይህን ለሠራተኞቻቸው ሊነግሩ ይገባል።

አንዲት ሌላ ተማሪም አለች፤ አልቢኒዝም አለባት። ታያለች፣ ግን ትንንሽ ፊደል አይታያትም። «ይህችኮ ታያለች፣ ምን ድጋፍ ያስፈልጋታል?» ተብላ ከአንድ ቢሮ ተመልሳ መጣች። እኔ ዘንድ ሃንድአውቷን ከኤ4 ወደ ኤ3 አሳድጋለሁ፤ ማሽኑ 141 በመቶ ያደርገዋል። በ12 ቁጥር የተጻፈው ወደ 17 ይጠጋል ማለት ነው፤ ለእሷ ከ18 በታች ያለው ገና ትንሽ ነው፣ ያውም ከኮፒ ኮፒ ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ አብሮ ይደበዝዛል። የኤ3 ቅጠል ደግሞ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አይዘረጋም፤ አጣጥፋ ትይዘዋለች፣ እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ይጠፋል። ዋናው ፋይል ቢሰጣት ፊደሉን ራሷ እንደፈለገች ታጎላው ነበር። ይኸው ዞሮ ዞሮ ያው ፋይል ነው።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እኔ ዘንድ የሚመጡት በሌላ ሰው ደብተር ነው። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንዱ ወረቀት ላይ ጽፎ አስረዳኝ፦ «አስተርጓሚውን ሳይ መጻፍ አልችልም። ስጽፍ አስተርጓሚው ያመልጠኛል።» አስተርጓሚ ያለበት ክፍል ውስጥ እንኳን ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ተቋሙ አላሰበበትም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የጓደኛውን ደብተር ተውሶ ያስገለብጣል፣ በኪሱ ይከፍላል። አስተርጓሚ የሌለበት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። አስተርጓሚም ሰው ነው፤ ለሦስት ተከታታይ ሰዓት እጁን ሳያሳርፍ መተርጎም አይችልም፤ ሁለት ሆነው በየግማሽ ሰዓቱ ቢቀያየሩ ነው የሚበጀው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ሙያተኛው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ይሠለጥናል፤ የሚቀረው መደብ ከፍቶ መቅጠር ነው።

ስለ ደረጃ ደግሞ የራሴን ቤት ጥፋት አስቀድሜ ልናገር። የሱቄ መግቢያ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ደረጃ አለው። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ደንበኛዬ ሲመጣ እኔ ነበርሁ ወደ ውጭ የምወጣው። ከዚያ ኀፍረት ያዘኝና በሲሚንቶ ዘንበል ያለ መግቢያ አሠራሁ። ግንበኛው አሳጥሮ ሠራው፤ ልጁ ሊወጣ ሲሞክር ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ጥቂት ቀረው፣ ከኋላ የነበረ ሰው ነው የያዘው። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ለ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ አንድ ሜትር ከ80 ማለት ነው። አፍርሰን ወደ ጎን አዙረን እንደገና ሠራነው። ለአንዲት ጠባብ ሱቅ ይህ ከተቻለ፣ ለተቋም የሚያስቸግር አይመስለኝም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ አገልግሎት ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ምቹ መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ እንዲሆን አዝዟል። መሐል ከተማው ውስጥ ግን ብዙ የግል ኮሌጆች የሚያስተምሩት በኪራይ ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል። ሊፍት ያለውም መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የእኛ አካባቢ የእግረኛ መንገድ ሰፍቶ ተስተካክሏል፤ በዊልቸር የሚሄዱ ልጆች ዛሬ ከቀድሞው በተሻለ መንገዱን ይጠቀሙበታል። እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ብቻቸውን ይመጣሉ። ከበሩ በኋላ ግን አራት ጓደኞች ተሸክመዋቸው ይወጣሉ። አንዱ ልጅ በትምህርት ቀን ከማለዳ ጀምሮ ውኃ እንደማይጠጣ ነግሮኛል፤ መጸዳጃ ቤቱ ምድር ቤት ስለሆነ ደግሞ እንዲያወርዱት መጠየቅ ያሳፍረዋል። ሕንፃውን ዛሬ ማፍረስ አይቻልም፤ የእሱን ክፍል ወደ ምድር ቤት ማዛወር ግን የሬጅስትራር አንድ ውሳኔ ነው፤ ከመርሐ ግብሩ በፊት ልጁ እንዳለ ቢታወቅ።

ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የማቀርበው ልመናም እዚህ ላይ ነው፦ ለግል ተቋማት ፈቃድ ስትሰጡና ስታድሱ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ እንደምትቆጥሩ ሁሉ መግቢያውንና መጸዳጃ ቤቱንም ለኩ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል፤ ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ማየት ለተሳነው ተማሪ ይህ በጎ ዕድል ሊሆንለት ይችል ነበር፤ የለመደው የንባብ ፕሮግራም ተጭኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ያለ ማንም እገዛ ሊፈተን። የሰው አንባቢ ሲመደብ ግን ሙያው የማይገባው ሰው ሊመደብ ይችላል፤ የሕግን ቃል ወይም የስታትስቲክስን ምልክት በትክክል ማንበብ ያቃተው አንባቢ ተማሪውን ያሳስተዋል። ትምህርት ሚኒስቴርን የምጠይቀው፦ በየመፈተኛ ጣቢያው ፕሮግራሙ አስቀድሞ ይጫን፤ ተማሪው ከፈተናው በፊት ባለው ቀን በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይሞክረው፤ የተጨማሪ ሰዓቱ ልክም በጣቢያ ኀላፊው ፈቃድ የሚወሰን ሳይሆን በጽሑፍ የታወቀ ይሁን።

ይህን ሁሉ ስናገር ብዙ ጊዜ የሚመለስልኝ መልስ «የትነበርሽ ንጉሤስ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የትነበርሽ ማየት ሳትችል ሕግ ተምራ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለች፣ የምንኮራባት ሴት ናት። ነገር ግን ስሟን የሚጠሩልኝ ሰዎች «እሷ ከቻለች ሌላውም ይቻለው» ለማለት ነው። እሷ ራሷ የሥራ ዘመኗን የሰጠችው ሌላው በእሷ ጥንካሬ ልክ እንዲሰቃይ አይደለም። ዓይን ያላቸው ተማሪዎች መካከለኛ ሆነው መመረቅ ይችላሉ፤ ማየት የተሳነው ልጅም መካከለኛ የመሆን መብት ይኑረው፤ ለመመረቅ ጀግና እንዲሆን አይገደድ።

ከእናንተ የምለምነው ዋናው ነገር አንድ ወረቀት ነው። ተማሪው በምዝገባ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ይናገር፦ በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይል፣ አስተርጓሚና ማስታወሻ ያዥ፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ሌላም ካለ ሌላ። የተማሪዎች ዲን ይፈርምበት፣ ማኅተም ይደረግበት። ከዚያ ቅጂው በየሴሚስተሩ ለሚያስተምሩት መምህራን ሁሉ ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከሬጅስትራር ይድረስ እንጂ በተማሪው እጅ አይዙር። ወረቀቱ የሕመሙን ስም መያዝ የለበትም፤ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ታሪኳ ለስድስት መምህር እንዲበተን አትፈልግም፣ የሚያስፈልጋት መነበቡ ይበቃል። ድጋፉ ሳይሰጥ ሲቀር የሚጠየቅ ሰው ስሙና የቢሮው ቁጥር ከታች ይጻፍበት። ድጋፍ የሚሰጥ ማእከል ባለባቸው ተቋማት ይህ የእነርሱ ሥራ ይሁን፤ በሌለባቸው አንድ ሠራተኛ ይመደብለት።

ቅጹን ራሴ ተይቤዋለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። ከደንበኞቼ ጋር ቁጭ ብለን አርመነዋል፤ መስማት የተሳነው ልጅ ሁለት ጥያቄ ጨምሮበታል፣ የሕግ ተማሪው ደግሞ የሕመም ስም የሚጠይቀውን መስመር አሰርዞኛል። ከየትኛውም ተቋም ለሚመጣ ሰው ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ በፍላሽም በቴሌግራምም፣ በዩኒኮድ።

ያ የሕግ ተማሪ ዘንድሮ 4ኛ ዓመት ይገባል። የሚያስተምሩት መምህራን ስድስት ናቸው፤ ከአንዱ በቀር አያውቁትም። ምዝገባው የሚጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ